ጎተራ ሲጎድል የማይጎድል ደስታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሰሜን ጎንደር ደጋ፣ በዳባትና በደባርቅ፣ ከዚያም አልፎ በጃናሞራና በበየዳ ተራሮች መካከል የሚኖር ገበሬ ገብሱን አጭዶና ከምሮ፣ በበሬ አበራይቶ፣ ገለባውን ለነፋስ ሰጥቶ፣ ፍሬውን በአውድማው ላይ ሰብስቦ ሲያይ በልቡ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው «ስንት ይሆን?» የሚል ነው፤ ሁለተኛውም «ይበረክት ይሆን?» የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መስለው ይታያሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ቁናው ይመልሰዋል፤ የሁለተኛው መልስ ግን በእግዚአብሔር እጅ ነው።

ቋንቋችን ይህን ልዩነት ጠብቆ አቆይቶልናል። «በረከት» የተባለው ቃል ባረከ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ በአማርኛ አንድ ነገር በረከተ ስንል በዛ ማለታችን ብቻ አይደለም፤ ቶሎ አላለቀም፣ ሰነበተ፣ ለብዙዎችም ተዳረሰ ማለታችን ነው። ጥቂት ሆኖ የሚበረክት እህል አለ፤ ብዙ ሆኖ የማይበረክትም አለ። ይህን የቤት እመቤት ሁሉ ከጎታዋና ከሌማቷ ተምራ ታውቀዋለች። እንግዲህ የበረከት ምሥጢር በብዛቱ ሳይሆን በመጽናቱ ከሆነ፣ ከበረከት የሚገኘውም ደስታ በቁና የሚሰፈር አይደለም ማለት ነው።

ቅዱስ መጽሐፍም የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 የተነገረላት የሰራፕታ መበለት የቀራት አንድ እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ብቻ ነበር። ነቢዩ ኤልያስ ባገኛት ጊዜ እንጨት ትለቅም ነበር፤ ያንን ጋግራ ከልጇ ጋር ከበላች በኋላ ሞትን ከመጠበቅ በቀር ሌላ ተስፋ አልነበራትም። እግዚአብሔር ግን ቤቷን በጎተራ አልሞላላትም፤ ማሰሮዋ እንዳይጎድል አደረገላት እንጂ። ዝናም በምድር ላይ እስኪዘንም ድረስ በየማለዳው እጇን ወደ ማድጋው ትሰድድ ነበር፤ በየማለዳውም የእግዚአብሔርን ቸርነት እንደ አዲስ ታገኘው ነበር። ጎተራዋ ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ጎተራውን በታመነች ነበር። ማሰሮዋ ስላላለቀ ግን ማሰሮውን የማያስጨርሰውን ጌታ ታመነች።

ምእመናን ሆይ፣ የዛሬው ትምህርታችን በዚህ ነገር ላይ የቆመ ነው። ክርስቲያን በእግዚአብሔር ስጦታ ደስ ሊለው ይገባል፤ ነገር ግን ደስታው የሚጸናው በስጦታው ላይ ሳይሆን በሰጪው ላይ ሲቆም ነው። ይህን መናገር በመከር ጊዜ ቀላል ነው። በመከራ ጊዜ ግን ቀላል አይደለም። ስለዚህ በመከር ጊዜ ብቻ የሚነገር ትምህርት እንዳይሆንብን፣ የጎንደር ከተማና የሰሜን ደጋ ሕዝብ ያለፈበትን ዘመን እያስታወስን ነገሩን ከሥሩ ልንመረምረው ይገባናል።

ተድላና ፍሥሐ

ተድላ ሥጋ ከነገር ጋር ይመጣል፤ ከነገሩም ጋር ይሄዳል። ሰው ሲጠግብ ደስ ይለዋል፤ ሲርበው ይከፋዋል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። እግዚአብሔር እህልን፣ ውኃን፣ ልጅን፣ ጤናን የሰጠን እንድንደሰትባቸው ነው። ነገር ግን ደስታችን በዚህ ብቻ የተወሰነ ከሆነ የእኛ ልብ ከበሬው ልብ በምን ይበልጣል? በሬም ሣር ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ስለ አንድ ባለጠጋ ምሳሌ ተናግሯል። እርሻው እጅግ ፍሬ ሰጠችው፤ የሚያኖርበትም ስላጣ ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ታላቅ ጎተራ ሊሠራ አሰበ። በዚያችም ሌሊት ነፍሱ ተፈለገች። የዚህ ሰው በደል እርሻው ማፍራቱ አይደለም፤ ጎተራ መሥራቱም አይደለም። ንግግሩን ልብ ብለን ብናዳምጠው የሚነጋገረው ከገዛ ነፍሱ ጋር ብቻ ነው። እግዚአብሔርን አላመሰገነም፤ ጎረቤቱንም አልጠራም። እህል ብቻ በዛለት፤ በረከት ግን አልነበረውም።

በዚሁ ወንጌል በምዕራፍ 17 ደግሞ የዐሥር ለምጻሞች ታሪክ አለ። ዐሥሩም ጮኹ፤ ዐሥሩም ነጹ፤ ለማመስገን የተመለሰው ግን አንድ ሳምራዊ ብቻ ነበር። በሥጋ ጤና ዘጠኙ ከአንዱ አላነሡም። እነርሱ ስጦታውን ይዘው ሄዱ፤ እርሱ ግን ወደ ሰጪው ተመለሰ። ተድላና ፍሥሐ የሚለያዩት በዚህች የመመለሻ መንገድ ላይ ነው። ስጦታን ተቀብሎ የሚሄድ ተድላን ያገኛል፤ ስጦታን ተቀብሎ የሚመለስ ፍሥሐን ያገኛል።

ምስጋና የደስታ በር ነው

አባቶቻችን ይህን ትምህርት በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በኑሮአቸው ውስጥ ተክለውት አልፈዋል። ጎረቤት ከጎረቤቱ ሲገናኝ «እንዴት አደሩ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ተጠያቂው ስለ ራሱ አንዳች ከመናገሩ በፊት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይጀምራል። የታመመውም ሰው ከአልጋው ሳይነሣ እንዲህ ይላል፤ ሕመሙን የሚነግረን ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ልማድ ከንፈር ብቻ የሚናገረው ሆኖ እንዳይቀር መጠንቀቅ ይገባል እንጂ፣ ምስጋናን ከጉዳይ ሁሉ የሚያስቀድም ሕዝብ ታላቅ ሀብት ያለው ሕዝብ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓተ ቅዳሴም እንዲሁ ነው። በቅዱስ ባስልዮስ ስም የሚጠራው ጸሎተ አኰቴት የሚደርሰው በቅዳሴው መግቢያ ነው። ካህኑ ልመናውን ከማብዛቱ በፊት ያመሰግናል። የሚያመሰግንበትንም ምክንያት ልብ እንበል፤ ስለ ብልጽግናችን ወይም ስለ ድል አድራጊነታችን አይደለም፤ እግዚአብሔር ጠብቆና ደግፎ እስከዚህች ሰዓት ስላደረሰን ነው። በቤተ መቅደስ ውስጥ የቆመው ምእመን ባለጠጋ ቢሆን ድኻ፣ ጤነኛ ቢሆን ሕመምተኛ፣ ሁሉም ለዚህች ሰዓት ደርሷል። ስለዚህ ይህን ምስጋና ሊያቀርብ የማይችል አንድም ሰው የለም። የምስጢራት ሁሉ መፈጸሚያ የሆነውም ምስጢር አኰቴተ ቁርባን ተብሎ ይጠራል፤ አኰቴት ማለትም ምስጋና ማለት ነው። እንግዲህ ክርስቲያን ሥጋውንና ደሙን በተቀበለ ቁጥር ምስጋናን ይቀበላል ብንል አንሳሳትም።

ጸሎተ ዕንባቆም

ይሁን እንጂ አንድ አንባቢ «ማሰሮው ያልጎደለባት መበለት ብታመሰግን ምን ይደንቃል? ማሰሮው የተሰበረበትስ ሰው ምን ይበል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ቅን ነው፤ መልስም ይገባዋል። መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ በየቤቱ ባለው ዳዊት ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

የአገራችን መዝሙረ ዳዊት የዳዊትን መዝሙራት ብቻ የያዘ አይደለም። ከመዝሙራቱ በኋላ 15 የነቢያት ጸሎቶች ይከተላሉ፤ ከነዚህም አንዱ ጸሎተ ዕንባቆም ነው። ነቢዩ በምዕራፍ 3 መጨረሻ ላይ በለስ ባታፈራ፣ ወይን ፍሬ ቢያጣ፣ የወይራ ሥራ ቢጓደል፣ እርሻ መብል ባይሰጥ፣ በጎች ከበረት ቢጠፉ፣ ላሞችም በጋጣው ውስጥ ባይገኙ እርሱ ግን በእግዚአብሔር ሐሤት እንደሚያደርግ ይናገራል። ዝርዝሩን ወደ እኛ ደጋ ብንመልሰው፣ ውርጭ ገብሱን ቢመታው፣ ባቄላው ቢጠወልግ፣ በጉ ከበረቱ ቢጠፋ፣ በሬውም ከቀንበሩ ቢወድቅ ማለት ነው። የገበሬ ኑሮ ሁሉ በዚህ ዝርዝር ውስጥ አልቋል። የቀረ ነገር የለም።

ነቢዩ የጠፋው ነገር አልጠፋም አላለም፤ መጥፋቱም አይጎዳም አላለም። አንድ በአንድ ቆጠረው። ሐሤቱም የመጣው ቆጥሮ ከጨረሰ በኋላ ነው። እምነት ማለት ዐይንን ጨፍኖ ኪሳራን መካድ ሳይሆን፣ ኪሳራን በግልጥ አይቶ ከኪሳራው የሚበልጠውን ማየት ነው።

ይህን ጸሎት ቃል በቃል የሚያጠናው በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የሚኖረው የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። በበዓታ ለአቋቋም የሚተጋው ደቀ መዝሙርም ቢሆን መንገዱን የጀመረው ከንባብና ከዳዊት ነው። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ በየደጁ ቆሞ በእመቤታችን ስም ይለምናል። አንድ ደጅ ቁራሽ ይሰጠዋል፤ በሌላው ደጅ ውሻ ያባርረዋል። በመሸም ጊዜ ያገኘውን ቁራሽ ከባልንጀሮቹ ጋር አንድ ላይ አቅርቦ ይበላና፣ ስለ በጎችና ስለ ላሞች መጥፋት የሚናገረውን ጸሎት በቃሉ ይደግማል። ይህ ልጅ በግም ሆነ ላም ኖሮት አያውቅም፤ ነገር ግን ባለጠጎች ሳይማሩት የሚሞቱትን ትምህርት ገና በልጅነቱ ይማራል።

በተቃጠለች ከተማ የቀረች ደብር

የጎንደር ከተማ ራሷ ይህን ትምህርት በገዛ ታሪኳ ተምራዋለች። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም ገደማ ከቈረቈሯት በኋላ ነገሥታቱ አብያተ መንግሥትን ገነቡባት፤ አብያተ ክርስቲያናትም በዙባት፤ እስከ ዛሬም በ44 ታቦታቷ ትጠራለች። ነገር ግን በጥር ወር 1880 ዓ.ም ድርቡሾች ከምዕራብ መጥተው ከተማዪቱን ወረሯት፤ ብዙዎቹንም አብያተ ክርስቲያናት አቃጠሉ። በታላቁ ንጉሥ በቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱ ዘመን የተመሠረተችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ከዚያ እሳት ተረፈች። አበው ሲያወርሱን የመጣው ትውፊት የንብ መንጋ ወጥቶ ወራሪዎቹን እንዳባረረ ይናገራል።

በዚህ ታሪክ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ስለ ተረፈች ደስ ሊለን ይገባል፤ ነገር ግን የተቃጠሉት አብያተ ክርስቲያናት በእግዚአብሔር ዘንድ የተጠሉ ነበሩ ልንል አይገባም። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ አስተምሯል። ስለዚህ የተረፈ ሰው ምስጋናውን ሲያቀርብ ባልተረፈው ላይ እንዳይፈርድ ይጠንቀቅ። «እኔን ጠበቀኝ» ማለት መልካም ነው፤ «እኔን የጠበቀኝ ከእርሱ ስለምሻል ነው» ማለት ግን የፈሪሳዊው ጸሎት ነው።

ከዚያ ወረራ ጋር ተያይዞ የመጣው መከራ ደግሞ ከእሳቱ የከፋ ነበር። በዚሁ 1880 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የቆየው ረኀብ በአገራችን ታሪክ ክፉ ቀን ተብሎ ይጠራል። ዋናው ምክንያቱ አብዛኞቹን የቀንድ ከብቶች የፈጀው በሽታ ነበር። በሬ ሲጠፋ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም እህል ጠፋ፤ እህል ሲጠፋ ሰው አለቀ። የዕንባቆም ዝርዝር በዚያን ጊዜ በምድራችን ላይ ቃል በቃል ተፈጸመ ማለት ይቻላል። የሚያስገርመው ነገር፣ ሕዝባችን ይህን የከብት በሽታ «ደስታ» ብሎ ይጠራው ነበር። ክፉውን ነገር በስሙ ላለመጥራት በመልካም ስም መሸፈን የቆየ ልማድ ነውና። በሽታው ከብዙ ትውልድ ትግል በኋላ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም በይፋ ተነግሯል።

ስለ ክርስቲያን ደስታ ስንናገር ይህን ስም ማስታወስ ይጠቅመናል። ቤተ ክርስቲያን መቅሠፍትን ደስታ ብላ አትጠራም። ረኀብን ረኀብ፣ ሞትን ሞት ትለዋለች፤ ጸሎተ ፍትሐት ታደርሳለች፤ ከምእመናን ጋር ታለቅሳለች። ደስታዋ የመከራ መሸፈኛ ስም ሳይሆን መከራ ሊያጠፋው ያልቻለ እውነት ነው።

ወደ ደብረ ብርሃን የገባ ሰው ቀና ሲል በጣሪያው ላይ በየረድፉ የተሣሉትን ከመቶ በላይ የሚሆኑ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ገጾች ያያል። ዐይኖቻቸው የበሩ፣ ፊታቸው የረጋ ነው። ወደ መቅደሱ በር ሲመለከት ደግሞ ከላይ የሥላሴን፣ ከሥሩም የስቅለትን ሥዕል ያገኛል። የመላእክት ሐሤትና የጌታ ሕማም በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ዕይታ ይገናኛሉ። ሐዋርያው በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 12 እንደሚያስተምረን ጌታችን መስቀልን የታገሠው በፊቱ ስለነበረው ደስታ ነው። እንግዲህ የክርስቲያን ደስታ መስቀልን አልፎ የሚገኝ እንጂ መስቀልን ሸሽቶ የሚገኝ አይደለም።

ሐዘንተኛውን ምን እንበለው?

ይህ ሁሉ የጥንት ዘመን ነገር ብቻ ሆኖ ቢቀር መልካም ነበር። ነገር ግን በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም የተጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት ወደ ሰሜን ጎንደር ደጋ ደርሶ ብዙዎችን ከቀያቸው አፈናቀለ። በነሐሴ መጨረሻ በዳባት ወረዳ በጭና ብዙ ንጹሐን ሰዎች ተገደሉ። ያ ጦርነት በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ በስምምነት ካበቃ በኋላም ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት በብዙ ቤቶች ላይ አዲስ ኀዘን ጨመረ። እንግዲህ «ደስ ይበላችሁ» የሚለው የሐዋርያው ምክር እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ እንዴት ይነገራል?

ካህናት አባቶቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ ቢሆንም ለመታሰቢያ ያህል እንናገረዋለን። አንደኛ፣ የሐዘንተኛ እንባ የእምነት ጉድለት አይደለም። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሷል፤ ያለቀሰውም ሊያስነሣው እንደሚችል እያወቀ ነው። ሁለተኛ፣ የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው በምድር ላይ አብረውት በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ የተሳሳቱት አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መስጠት በጀመሩ ጊዜ ነው። የነፍስ አባት ወደ ሐዘንተኛ ቤት ሲገባ ከብዙ ቃል ይልቅ ብዙ መቀመጥ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ ድኻውን በድኽነቱ፣ የተራበውን በረኀቡ ማሞገስ አይገባም። በዋልድባ ገዳም እህል እንደማይገባ፣ መነኮሳቱም ቋርፍ እየተመገቡ በተጋድሎ እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። እነርሱ ግን እህልን የተዉት በፈቃዳቸው፣ ስለ ፍቅረ እግዚአብሔር ነው። ሳይፈቅድ እህል ያጣውን ሰው «አንተም እንደ መናኝ ነህ» ብሎ ማለፍ የምንኩስናን ክብር መዳፈር፣ የወንድምንም ረኀብ መናቅ ነው። ለመናኙ ምስጋና፣ ለተራበው ግን እንጀራ ይገባዋል።

አራተኛ፣ ከዚህ ተቃራኒ የሆነውንም ስሕተት መጠበቅ ያስፈልጋል። በአሁኑ ጊዜ የእግዚአብሔር በረከት ማለት ገንዘብ፣ ቤትና መኪና ነው፤ ይህ የሌለው እምነት ጎድሎት ነው የሚል ስብከት በየስፍራው ይሰማል። ይህ ትምህርት ባለጠጋውን ያስታብየዋል፤ ድኻውንም ሁለት ጊዜ ያደኸየዋል፤ አንድ ጊዜ ከገንዘብ፣ ሁለተኛ ጊዜ ከተስፋ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ስለ ደስታ ደጋግሞ የጻፈው በቤተ መንግሥት አዳራሽ ተቀምጦ ሳይሆን በእስራት ሳለ ነው። በእምነት ጎደሎ ነበር የሚለው ማን ነው?

በመካፈል የሚበዛ

ሐዋርያው በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 ስለ መቄዶንያ አብያተ ክርስቲያናት የሚናገረው ነገር ለነገራችን ታላቅ ብርሃን ይሰጣል። እነዚያ ምእመናን በብዙ መከራ ውስጥ ነበሩ፤ ድኽነታቸውም ጥልቅ ነበር፤ ነገር ግን ደስታቸው ሞልቶ ወደ ልግስና ፈሰሰ። ባለጠጎች ስለ ነበሩ አልሰጡም፤ ደስታ ስለ ነበራቸው ሰጡ እንጂ።

ይህን በአገራችንም እናየዋለን። በየወሩ በቅዱሳን ስም የሚጠጣው የማኅበር ጽዋ፣ በቤተ ክርስቲያን አጸድ የሚቀርበው የሰንበቴ ዳቦና ጠላ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር የሚተዛዘንበት እድር፣ ሁሉም ከአንድ ምንጭ የወጡ ናቸው። የሰንበቴው ዳቦ በአንድ ቤት ቢቀር የአንድ ቤተ ሰብ ቁርስ ነበር፤ ወደ ደጀ ሰላሙ በመጣ ጊዜ ግን ነዳያን በሉት፣ ካህኑም ባረከው፣ ያቀረበውም ሰው ከቤቱ ይልቅ በዚያ ጠገበ። ከጦርነቱ የሸሹ ሰዎች በመጡ ጊዜም በሩን የከፈተ፣ እንጀራውን የቈረሰ ምእመን ይህንኑ አውቋል። የደነቀውም ነገር ይህ ነው፤ እህሉ ሲከፈል ያንሳል፤ በረከቱ ግን ሲከፈል ይበዛል።

ደረቁ ጥምቀተ ባሕር

ይህን ትምህርት በአንድ ምሳሌ እንጠቅልለው። በጎንደር ከተማ በቀሃ ወንዝ አጠገብ የሚገኘውን የዐፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ያየ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። የዛፎች ሥሮች የድንጋይ ቅጥሩን አቅፈውታል። ለበዓሉ በየዓመቱ ከወንዙ ውኃ ይሞላል እንጂ ከዚያ ውጭ ባለው ጊዜ ባዶና ደረቅ ነው። በክርስትና ያልተማረ እንግዳ በሚያዝያ ወር ቢያየው «ይህ ምን ይጠቅማል?» ሊል ይችላል።

ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው በዝማሬና በእልልታ ወደዚያ ይወርዳሉ፤ ሌሊቱን በጸሎት ያድራሉ፤ ጥር 11 ቀን ማለዳ ውኃው ይባረካል፤ ሕዝቡም ይረጫል። ይህ የጥምቀት በዓል አከባበር በታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ በዓለም መዝገብ ተጽፏል። ለእኛ ግን ከመዝገብ የሚበልጥ ነገር አለው። በዚያች ማለዳ የሚረጨው ውኃ ባለጠጋውንና ድኻውን፣ ሐዘንተኛውንና ደስተኛውን ለይቶ አይነካም። ሁሉም በአንድነት የሚያስበው በጥምቀት የእግዚአብሔር ልጅ መሆኑን ነው። ይህ ልጅነት ወራሪ የማያቃጥለው፣ በሽታ የማይፈጀው፣ ውርጭ የማይመታው በረከት ነው።

ገንዳው በደረቀ ጊዜ የጎንደር ሰው አላፈረሰውም። ቅጥሩን ጠበቀው፤ ውኃ የሚመጣበትን መንገድ ጠራረገው፤ ጥርንም ጠበቀ። የክርስቲያንም ልብ እንዲሁ ነው። የሚደርቅበት ወራት አለ። በዚያ ወራት ደስ አላለኝም ብሎ ልቡን ማፍረስ አይገባውም፤ ውኃው የሚመጣበትን መንገድ ይጥረግ እንጂ።

ያ መንገድም የታወቀ ነው። ማታ ከመተኛታችን በፊት በዕለቱ እግዚአብሔር የሰጠንን ሦስት ነገሮች በስማቸው ጠርተን እናመስግን፤ ሦስት ያጣ ሰው አንድ አያጣም። ከማዕድ በፊትም ከማዕድ በኋላም መጸለይን ለልጆቻችን እናስተምር። ከመከራችን ቀዳምያቱን ለእግዚአብሔርና ለድኾች እንለይ። የጎረቤታችንን ጎተራ መቍጠር እንተው፤ ምቀኝነት የራስን በረከት የሚያሳውር በሽታ ነውና። በዚህ ሳምንት ከሐዘንተኛ ቤት ወደ አንዱ ሄደን ብዙ ሳንናገር እንቀመጥ። ከሁሉም በላይ ንስሐ ገብተን ወደ አኰቴቱ ማዕድ እንቅረብ።

ገበሬው በአውድማው ላይ የጠየቀውን ጥያቄ እኛም በየዕለቱ እንጠይቅ፤ ስንት እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን ይበረክት እንደ ሆነ። የሰራፕታን ማሰሮ ያላስጨረሰ፣ ደብረ ብርሃንን ከእሳት ያተረፈ፣ በተቃጠሉትም ፍርስራሾች ላይ ምስጋናው እንዳይቋረጥ ያደረገ አምላክ በአገራችን ላይ ሰላሙን ያውርድ። ያዘኑትን ያጽናና፤ የተፈናቀሉትን ወደ ቀያቸው ይመልስ፤ ጎተራችን ቢሞላ ትሕትናን፣ ቢጎድል ትዕግሥትን ይስጠን፤ ማንም ሊወስድብን የማይችለውን ደስታ በልባችን ያኑርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።